የሚያፏጨው ድራይቭ

በሆስፒታሉ ውስጥ የሰውየውን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ለቀረው ሰው፣ ከበር ጠባቂው እስከ ቀዶ ሐኪሙ፣ «ጋሽ ጆሮ» ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ጆሯቸው ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ እርግጥ ትንሽም አይደለም። የወጣላቸው ማሽን አዳምጠው በሽታውን ስለሚናገሩ ነው።

ሥራቸው ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ፎቅ ላይ የሚነሳው ራጅ ሁሉ፣ የሳንባው፣ የአጥንቱ፣ የጭንቅላቱ፣ ፊልም ላይ መታተም ከተወ ቆይቷል፤ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ዲስኩ አንድ ቀን ድንገት ቢሞት ሐኪሙም ታማሚውም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ፣ በየቀኑ ግልባጩ ወደ ቴፕ ይወርዳል። ቴፕ የምትባለው መዳፍ የማትሞላ ጥቁር ሳጥን ናት፤ ሆዷ ውስጥ ቀጭን ጥብጣብ ተጠቅልሏል። ጥብጣቡን የሚጽፈውና የሚያነበው ማሽን ደግሞ ድራይቭ ይባላል። ድራይቩ ቴፕ ሲውጥ ድምፅ አለው፣ ሲያጠነጥን ድምፅ አለው፣ ሲተፋም ድምፅ አለው። ጋሽ ጆሮ እነዚህን ድምፆች እናት የልጇን ሳል እንደምትለየው ይለያሉ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ኮሪደር ላይ ቆመው፣ ሳንድዊቻቸውን እያኘኩ፣ «ይቺ ቴፕ ጥብጣቧ ተሸብሽቧል» አሉ። አውጥተው ቢያዩት፣ እንዳሉት ተሸብሽቦ ተገኘ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙ እንደ ቆዳ ተጣብቋቸው ቀረ።

እሳቸውም ስሙን ጠልተውት አያውቁም። ይልቁንም ስሙን እያመኑት ሄዱ። ድራይቩ ፊት ላይ ማጽጃ ቴፕ ሲያምረው የምትበራ ብርቱካናማ መብራት አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይቺ መብራት በርታ፣ ጋሽ ጆሮ ቢያጸዱም ቢያጸዱም አልጠፋ ብላ አስቸገረች። ለካስ ያለቀው ራሱ ማጽጃው ቴፕ ኖሯል። አዲስ ማጽጃ ሲገባ ወዲያው ጠፋች፤ ጋሽ ጆሮ ግን ቂም ያዙባት። «አንቺ ውሸታም!» አሉና ከቁስል ማሸጊያ ክፍል ቁራጭ ፕላስተር አምጥተው ለጠፉባት። ድራይቩም ግንባሩን የተፈነከተ ልጅ መስሎ፣ ፕላስተሩን እንደለጠፈ ኖረ።

በዚህም አላበቃም። ቴፕ ተጽፎ ሲያልቅ፣ ኮምፒዩተሩ የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዲስኩ ጋር ያመሳክር ነበር። ጋሽ ጆሮ ይህንንም አስቀሩት። «ቀኑን ሙሉ ይበላል። እኔ ሲጽፍ አዳምጬው የለ?» ነበር ምክንያታቸው። የተከራከራቸው አልነበረም። ከጋሽ ጆሮ ጋር ስለ ድምፅ ማን ይከራከራል?

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ያስገርማቸው ጀምሯል፤ ሰው ሁሉ ማንሾካሾክ ለምዷል። በር ጠባቂው ያንሾካሹካል። ሐኪሞቹ ያንሾካሹካሉ። በቅርቡ የተመደበችላቸው ቴክኒሻን፣ ከኮሌጅ በጥሩ ውጤት የወጣች ቀልጣፋ ልጅ፣ እሷማ ከወለሉ ጋር ነው የምታወራው። ድራይቩ ብቻ እንደ እነሱ አያስቸግራቸውም። ድራይቩ ጸጥ ብሏል። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ጸጥ ያለ፣ እንዲህ የተመቸው ድራይቭ አይተው አያውቁም።

ማክሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ድሮ ነርስ ስለነበሩ ዛሬም ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ ችኩል ሰው ስለሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«አዲሱ ዲስክ መጥቷል። የሚተከለው አሮጌው ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለንም። ስለዚህ አሮጌው ሐሙስ ይደመሰስና ይነሳል፤ ከዚያ የቆየውን ምስል ሁሉ ከቴፖቹ ወደ አዲሱ እንመልሳለን።» ድምፃቸው የዎርድ ድምፅ ነው፤ ከአልጋ አልጋ የሚሻገር። ጋሽ ጆሮ አንድም ቃል አላመለጣቸውም።

«መልካም ነው ሲስተር።»

«መልካም የሚሆነው ቴፖቹ ደህና ከሆኑ ነው። ዲስኩ ከተደመሰሰ በኋላ ያለን ቴፕ ብቻ ነው። አምና ሳንባው ላይ ነጥብ የታየበት ሰው ዘንድሮ ሲመጣ፣ ነጥቡ ማደጉን አለማደጉን ሐኪሙ የሚያውቀው የአምናውን አይቶ ነው። የአምናው ከጠፋ ጠፋ። እና ልጠይቅዎ፤ ደህና ናቸው?»

ጋሽ ጆሮ ደረታቸውን ነፉ። «ሲስተር፣ ቴፖቹም ድራይቩም እንደ እኔ ጤነኛ ናቸው!»

ቴክኒሻኗን ከጀርባቸው ሳል ነገር ያዛት።

«የእርስዎ ቃል ይበቃኛል» አሉ ሲስተር፤ ሄዱም።

ቴክኒሻኗ ወዲያ ወዲህ አለች። ገመድ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች። በመጨረሻም ወደ ድራይቩ እያየች፣ «ጋሼ፣ ይቺ ፉጨት ግን…» አለች።

ጋሽ ጆሮ ቴፖቹን በመደርደሪያው ላይ እያስተካከሉ ነበር። አልመለሱም።

«ጋሼ፣ ፉጨቷ… ምንም አይደለችም አይደል?»

«እ?»

«ምንም አይደለም፣ አልኩ።»

«ምንም ካልሆነ ምን ያናግርሻል? ይልቅ ነይ እዚህ፣ ድምፁን ልመጂ» አሉና ድራይቩን በፍቅር መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ነው ጤነኛ ድራይቭ ማለት። ልብ ብለሽ አዳምጪ። ነገ እኔ ሳልኖር የምትሠሪው በዚህ ነው።»

ልጅቷ አዳመጠች። ፊቷን ትንሽ ጨምደድ አድርጋ፣ ሎሚ የላሰች መስላ፣ አዳመጠች።

ማታ ጋሽ ጆሮ ቤታቸው ዜና ከፍተው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ አጠገባቸው ባለው ክፍል የመኪናዋን ፔዳል እየረገጠች የሠርግ ልብስ ትሰፋለች። ጥቂት ቆይታ፣ አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች፣ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ! ጎረቤቶቻችን የራሳቸው ቴሌቪዥን አላቸው እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ ድምፁ ደክሟል። ድምፅ ማጉያው ሳይበላሽ አይቀርም።»

«ማን እንደደከመማ እኔ አውቃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ይኸው!» ብላ እጇን ዘረጋች፤ ለማይታይ ሸንጎ ማስረጃ የምታቀርብ ትመስላለች። ከዚያም አንድ ነገር ትዝ አላትና ዓይኗ ጠበብ አለ። «እስቲ ልጠይቅህ። የስፌት መኪናዬ አሁን ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ጸጥ ብሏል እንጂ። ዘይት ከቀባሁልሽ ወዲህ እንደ ድመት ነው የሚሄደው።»

ባለቤታቸው መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች፤ ስትስቅ እንዳትውጣቸው ነው። ከዚያ ሳቀች። ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

«ቀባሁልሽ? ዘይቱን ገዝተህ መጣህ፣ ‹ነገ እቀባልሻለሁ› አልክ፣ መደርደሪያው ላይ አኖርከው፣ ነገር ዓለሙን ረሳኸው! ይኸው መኪናው ጠዋትም ማታም ሲጮህ ነው የሚውለው። እኔማ ከዛሬ ነገ ጮኸብኝ ይላል፣ ይነሳል ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንተ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ዜና ትሰማለህ!»

ጋሽ ጆሮ ተነሡ። መደርደሪያውን አዩ። የዘይቱ ጠርሙስ እዚያው ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ማሸጊያ እንኳ አልተቀደደም። ወደ ስፌት መኪናው ሄዱና ጎንበስ አሉ። «እስቲ እርገጪው።» ረገጠችው። መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ጎማው ይዞራል። ፊልም እየሄደ ድምፁ የተዘጋ ያህል ነው።

«ጮኸ?» አሉ።

«አሁንማ ጎረቤቱም ሰማ» አለች፤ ግን ይህን ስትል አልሳቀችም። ፊታቸውን አይታ ነበርና።

ዘይቱን ቀቡላት። ሌላ ነገር አላወሩም። ጋሽ ጆሮ ግን ያን ምሽት ዜናውን ዘጉት፤ ምን እንደተባለም አልሰሙም፤ ሲያስቡ የነበሩት ሌላ ማሽን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቴክኒሻኗ ቀድማቸው ገብታ ቴፕ አጉርሳ ነበር። ጋሽ ጆሮ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ድራይቩ ሄዱና እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን አስጠጉ። ጸጥታ። ያ የሚወዱት፣ የተመቸው ጸጥታ። ትናንት ቢሆን ፈገግ ብለው ይነሱ ነበር። ዛሬ ግን ያልተከፈተው ጠርሙስ ፊታቸው ላይ ድቅን አለ። ቀስ ብለው እጃቸውን በድራይቩ ጀርባ ላይ አኖሩ።

ድራይቩ ይንቀጠቀጣል። ብርድ ውስጥ አድሮ የመጣ ሰው ይመስል፣ ከእጃቸው ሥር ይንዘፈዘፋል።

እጃቸውን አላነሱም። «ኢንጂነሯ» አሉ። ሲቀልዱባት እንዲህ ነው የሚጠሯት፤ ዛሬ ግን ቀልድ አልነበረበትም።

«አቤት ጋሼ።»

«አሁን ይሄ ነገር ድምፅ አለው?»

ልጅቷ ወደ ወለሉ ማየት ጀመረች።

«ወለሉ አልጠየቀሽም። እኔ ነኝ የጠየቅሁሽ። ወደ እኔ ዞረሽ፣ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።»

«አለው» አለች፤ ጮክ ብላ። «ያፏጫል። ቴፑ በሮጠ ቁጥር ያፏጫል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ያንቋርራል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ታዲያ አትነግሪኝም!»

«ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ» አለች። ከዚያ ራሷም አፈረችና፣ «ቀስ ብዬ» ስትል ጨመረች።

«ቀስ ብለሽ!» ጋሽ ጆሮ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ቁጣው ግን በየት በኩል እንደሚወጣ አጡት። «ለደንቆሮ ሰው ቀስ ብለሽ ነገርሽው?»

«ደንቆሮ መሆንዎን በምን ልወቅ? ጋሽ ጆሮ ነዎት! በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን ይሄ ድምፅ ምንድን ነው ልልዎ ስል፣ ‹አዳምጪ፣ ጤነኛ ድራይቭ እንዲህ ነው› አሉኝ። እኔም ጤነኛ ድራይቭ የሚያፏጭ ነው ብዬ ያዝኩ። ለእጮኛዬም አስረድቼዋለሁ።»

«ለእጮኛሽ!»

«ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ጋሽ ጆሮ ሳያስቡት ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልሄደም። ሐሙስ ነገ ነው። ነገ አንድ ሰው ቁልፍ ይጫንና የዚያ ሁሉ ሰው ሳንባ፣ የዚያ ሁሉ ሰው አጥንት ከዲስኩ ይጠፋል፤ የሚቀረው ይሄ የሚንዘፈዘፍ ማሽን የጻፈው ነው። ደህና ነው ብለው የማሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡት። ብርቱካናማዋ መብራት ቦግ ብላ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እዚያ ሥር ስትጠራቸው እንደኖረች የሚያውቅ የለም።

«በይ» አሉ ተነስተው፤ ካፖርታቸውንም አሁን ገና አወለቁ። «ጆሮዬ ሄዷል እንጂ ጭንቅላቴ አልሄደም። መጀመሪያ በሽተኛው ማን እንደሆነ እንለይ። አንዲት ቴፕ ብቻ ካስቸገረች፣ የታመመችው ቴፗ ናት። የገባው ቴፕ ሁሉ ካስቸገረ ግን ቴፖቹን አትክሰሺ፤ የታመመው ድራይቩ ነው።»

አዲስ ማጽጃ አስገቡ። መብራቷ ጠፋች። አንድ ቴፕ አጎረሱ፤ ብዙም ሳይቆይ በራች። እንደገና አጸዱ፣ ሌላ ቴፕ አጎረሱ፤ እንደገና በራች። ሦስተኛውን ከእሽጉ ያልወጣ አዲስ ቴፕ አደረጉት፤ በዚያም በራች።

«ድራይቩ ነው» አለች ቴክኒሻኗ።

«ድራይቩ ነው። ጥብጣቡን የሚነካው ጭንቅላቱ አልቋል፤ ወይም ከቦታው ሸሽቷል። ግን የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም፤ ድራይቭ ይቀየራል። ይሄ የታመመ ጭንቅላት እስከዛሬ የጻፈው ነገር ይነበባል ወይ? እሱ ነው ጥያቄው። ራሱን ብንጠይቀው የጻፈውን ያነብልን ይሆናል። ሌላ ድራይቭ ነው መጠየቅ ያለብን።»

አስተዳደር ሕንፃው ውስጥ የዚህ ድራይቭ መንትያ አለ፤ ለሠራተኞች ፋይል ብቻ ስለሚውል ብዙ አልሠራም። ከየዘመኑ ቴፖችን መረጡ፣ በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ሞሏቸው፣ ግቢውን አቋርጠው ወሰዷቸው። መንትያው አሮጌዎቹን ቴፖች ያለ አንዳች ችግር አነበበ። አምና የተጻፉትንም አነበበ። የዘንድሮዎቹ ላይ ሲደርስ ግን መለስ ቀለስ አለ፣ ወደ ኋላ አጠነጠነ፣ እንደገና ሞከረ፣ በመጨረሻም የማላውቀው ቴፕ ነው ብሎ ተፋው። ቀጣዩንም ተፋው። የሚቀጥለውንም።

«እንደ ሐኪም ጽሑፍ ሆነብን» አለች ቴክኒሻኗ። «ከጻፈው በቀር የሚያነበው የለም።»

ጋሽ ጆሮ ይህን በደንብ ሰሙት፤ እንደታዘዘችው ጮክ ብላ ነበርና የተናገረችው። «የዘንድሮው ሰው ሁሉ» አሉ፤ ሳቅ አልነበራቸውም። «ዘንድሮ ራጅ የተነሳ ሰው ሁሉ፣ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።»

ቴፖቹን ወደ ካርቶኑ እየመለሱ ሳለ ልጅቷ ትንሽ ቆመች። «ጋሼ፣ ለሲስተር እኔ ልንገራቸው? ድራይቩ ዛሬ ጠዋት ድንገት ተበላሸ እላለሁ። ማሽን ነው፤ ይበላሻል። ስለ ጆሮ ምንም ማንሳት አያስፈልግም።»

ለጋሽ ጆሮ ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። ስሙ ይተርፋል፤ ምድር ቤቷ ትተርፋለች፤ በር ጠባቂውም ነገ «ጋሽ ጆሮ» ብሎ ያንሾካሹክላቸዋል። ግን ዛሬ ጠዋት ድንገት ከተበላሸ፣ ትናንት የተጻፈው ቴፕ ደህና ነው ማለት ነው። የትናንቱ ደህና ከሆነ ደግሞ ሲስተር፣ በሚያውቁት ጥድፊያቸው፣ «እንግዲያው በመንትያው መልሱልኝ፤ ዲስኩ ይደምሰስ» ነው የሚሉት።

«አይሆንም» አሉ። «ነይ፣ አብረን እንውጣ። ግን ጎኔ ቁሚ፤ የሚሉት ካመለጠኝ ትነግሪኛለሽ።»

ሲስተር ቢሮ ውስጥ ዲስኩን የሚደመስሰው ባለሙያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አኑሮ ተቀምጧል። ጋሽ ጆሮ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሱም።

«ሲስተር፣ ዲስኩ ነገ እንዳይነካ። የዘንድሮዎቹ ቴፖች አይነበቡም።»

ሲስተር እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ትናንት እንደ እኔ ጤነኛ ናቸው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ከትናንት ወዲህ ምን ሰሙ?»

«ምንም አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ጆሮ። «የመጣሁትም ለዚህ ነው።»

ባለሙያው ቦርሳውን ያይ ጀመር። ሲስተር ጋሽ ጆሮን ከእግር እስከ ራስ፣ አዲስ ታማሚ እንደተቀበለ ሰው አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞረው፣ በዚያ በዎርድ ድምፃቸው፣ «የነገው ቀርቷል። አዲስ ድራይቭ እስኪመጣ፣ ቴፖቹም እንደገና ተጽፈው በሌላ ድራይቭ እስኪነበቡ ዲስኩ ባለበት ይቆይ» አሉ። ጋሽ ጆሮ ትንፋሻቸው መለስ አለ።

ሲስተር ግን አልጨረሱም። ስልኩን አንስተው ወደ መስኮቱ ዞሩና፣ ለሆነ ሰው አንድ ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ስልኩን ዘግተው፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ ለጋሽ ጆሮም አንድ ነገር አሉ። ጋሽ ጆሮ ደስታው ገና ከልባቸው አልወጣም ነበርና፣ «እሺ ሲስተር፣ እሺ» አሉ። ሲስተር ሌላ ነገር ጨመሩ። «በደስታ!» አሉ ጋሽ ጆሮ።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ የቴክኒሻኗን ክንድ ያዙ። «ወደ መስኮቱ ዞረው ምን ነበር ያሉኝ?»

«ነገ ጠዋት ጆሮ ሐኪም ጋ ይቀርባሉ። ተራ አስይዘውልዎታል።»

«እና እሺ አልኩ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«በደስታ ያልኩትስ?»

ልጅቷ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች። «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቴፕ ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ ይነበባል። የምታረጋግጠው እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልል ማንም ደህና ነው አይልም።»

ጋሽ ጆሮ ጥቂት እርምጃ ሄዱ። «ይህንንስ ብሰማውም እሺ እል ነበር» አሉ፤ ወደ ወለሉ እያዩ።

«ወለሉ አልጠየቀዎትም» አለች። «ጮክ ብለው ይድገሙትማ፤ ምስክር ይኑረኝ።»

ጮክ ብለው ደገሙት። ድምፃቸው ምን ያህል እንደሆነ ለካስ ለራሳቸውም አይሰማቸውም ኖሯል፤ አግዳሚው ላይ የራጅ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው።